የቡዜ ምድጃና ያልተደፋው አመድ

ነጋሪት አልተጎሰመም፤ ቢጎሰምም የአዳማ ንፋስ ድምፁን ጠርጎ ወደ ወለንጪቲ በወሰደው ነበር። ቢሆንም አዋጁ ይኸው፤

«ከሞጆ ሜዳ እስከ አዋሽ ድልድይ ያለህ፣ የምታርስም የማታርስም፣ የምትሳፈርም በእግርህ የምትኳትንም፣ ጆሮህን አቅና! በአዳማ ባቡር ጣቢያ፣ ከውኃው ማማ በስተግራ፣ በአንድ ግራር ጥላ፣ በስድስት ብርጭቆና አንድ እግሯ በወለቀ ዱካ ላይ ነግሣ የኖረችው ወይዘሮ ቡዜ፣ ሻይዋ ስለ ቀዘቀዘ ከዙፋኗ ልትወርድ ነው። ያልገባህ ጠይቅ፤ ጠይቀህም ካልገባህ ዝም በል። ከአንተ በላይ የተሾሙትም ዝም ያሉት ገብቷቸው አይደለም።»

እውነተኛው አዋጅ ግን አጭር ነበር። በታኅሣሥ ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ቀን፣ ወደ አዋሽ የሚወርደው ባቡር ውኃውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ፣ የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ገብረወልድ ባርኔጣውን በእጁ ተጭኖ፣ አቧራውን እየሸሸ ከግራሩ ሥር መጣ። አቶ ገብረወልድ ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚያውቁት ፈረንሳዮቹ ብቻ ናቸው። በኪሱ ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት ቀጫጭን የታተሙ መጻሕፍት ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ስለ ንጽሕና፣ አንዱ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ሦስተኛው ስለ ሥልጣኔ ነው። ሦስተኛውን ገና አልጨረሰውም፤ ሆኖም ከሁሉ አብልጦ የሚጠቅሰው ያላነበበውን ገጽ ነው።

«ወይዘሮ ቡዜ፣ ሙሴው ታክቷቸዋል፤» አላት። ሙሴው የጣቢያው ሹም ፈረንጅ ናቸው።

«ምን አደረግኋቸው?»

«ሻይሽ ነዋ! ዛሬም አንድ የተከበረ መንገደኛ ደፍቶት፣ ‹እግር የታጠቡበትን ነው የሰጡኝ› ብሎ ቢሮ ድረስ መጥቶ አመለከተ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው፣ ከዚያ በፊት ሦስት። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፤ ሦስት ባቡር ተሰጥቶሻል። ሐሙስ ሻይሽ ካልሞቀ ቦታውን ለወይዘሮ አሰለፈች ትለቂያለሽ።»

«እኔስ ከዚያ ወዴት እሄዳለሁ?»

አቶ ገብረወልድ አሰበ። «እሱ በትእዛዙ ላይ የለም፤» አለና ሄደ።

ቡዜ ተቀምጣ ብርጭቆዎቿን ማጠብ ቀጠለች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። አርባ ዓመት አልሞላትም፤ ድካሟ ግን ሰማንያን ካለፈ ቆይቷል። ሌላ ሴት ነጠላ እንደምትለብስ እሷ ድካም ለብሳ ትውላለች፣ ለብሳው ታድራለች፣ ለጥምቀት እንኳ አታወልቀውም። የተወለደችው ከወለንጪቲ ማዶ ነው። ባሏ መርዳሳ ሐዲድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነበር፤ እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ የነበረው የጣቢያ አለቃ አዝኖ የግራሩን ጥላ ሰጣት። ጥላ ደግሞ እንደ ሹመት ነው፤ ባለበት አይቆይም። ፀሐይዋ ስትዞር ቡዜም ዱካዋን ብድግ እያደረገች ከጥላዋ ኋላ ስትዞር ትውላለች።

ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ከባቡሩ የሚረግፈውን የድንጋይ ከሰል በሐዲዱ መካከል ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። የሐዲዱ ጠባቂ አይከለክላትም፤ እሷ ካልለቀመችው መጥረጉ በእሱ ነውና ስንፍናውን ደግነት ብሎ ይጠራዋል። ከዚያ ውኃ ትቀዳለች፤ ከዚያ እሳት ታነዳለች፤ ከዚያ የባቡሩ ጭስ በስተምሥራቅ ወይም በስተምዕራብ ሲታይ ማንቆርቆሪያዋን በጨርቅ ይዛ ከቤቷ እስከ ግራሩ መቶ እርምጃ ትሮጣለች። ባቡሩ ቆሞ ውኃ እስኪጠጣ ሰው ሻይ ይጠጣል፤ ሁለቱም ጠጥተው ይሄዳሉ፤ እሷ ብርጭቆ ታጥባለች። ይህ ነው እንግዲህ የቡዜ ታሪክ፤ ሐውልት ሠሪ ያለህ ና።

ሻዩ ከግራሩ ሥር የማይፈላው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ንፋስ አንድ ፍም ቢነሣ ያገሩን የሣር ክዳን ሁሉ ይዞት ስለሚሄድ፣ በጣቢያው አካባቢ ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ስለዚህ ቡዜ የምታፈላው ቤቷ ውስጥ፣ በግሪኩ ምድጃ ነው።

የግሪኩን ምድጃ ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ግሪኩ ከሀገሩ ሲነሣ «ሐበሻ ደጋ ነው» ሲሉ ሰምቶ፣ በአራት እግር የሚቆም፣ ጭሱን በቧንቧ የሚያወጣ፣ የድንጋይ ከሰል የሚበላ የብረት ምድጃ በመርከብና በባቡር አስጭኖ መጣና አዳማ ላይ ሱቅ ከፈተ። አዳማ! ዶሮዋ ሄዳ ፀሐይ እንቁላሉን የምትታቀፍበት አገር! የተማረ ሰው ሲሳሳት እንኳ በቀላል ነገር አይሳሳትም፤ በብረት ነው የሚሳሳተው። ምድጃው ሁለት ዓመት ጠርሙስ ሲደረደርበት ኖረ። ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሻሸመኔ ሲሄድ፣ የሚሸከምለት በቅሎ ስላጣ፣ ልብሱን ታጥብለት ለነበረችው ለቡዜ ትቶላት ሄደ። ምድጃው ከላይ ከሰል የሚጎርስበት አፍ አለው፤ መካከሉ ላይ ወንፊት የመሰለ ብረት ተጋድሟል፤ ከወንፊቱ በታች አመዱ የሚወርድበት መሳቢያ፣ ከመሳቢያው ፊት ደግሞ ትንሽ በር።

አራት ዓመት እንደ አንበሳ ሲያገሣ የኖረው ይህ ምድጃ፣ ከመስቀል ወዲህ እንደ ታመመ በግ ማቃሰት ጀመረ። ከሰሉን ይበላል፤ ውኃው ግን ለብ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ቡዳ በልቶታል» አለ። ሌላው «ግሪኩ ናፍቆት ነው፤ ብረትም ጌታውን ያውቃል» አለ። ሦስተኛው የባቡሩ ከሰል ከድሮው የተለየ እንደሆነ ከጅቡቲ በመጣ ሰው ስም ማለ። አቶ ገብረወልድማ መጽሐፉን አውጥቶ፣ «ቅዝቃዜ ማለት የሙቀት ማጣት ነው» ብሎ አነበበላት።

«ይህንንማ ሻዩም ነግሮኛል፤» አለችው።

እሷ ያደረገችው የደከመው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። የደከመው ሰው አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል፤ የለመደውን ማብዛት። ከሰል ጨመረች። አልሞቀም። ደግማ ጨመረች። ብዙ ለመልቀም ማልዳ ተነሣች፤ ማልዳ ስለተነሣች ይበልጥ ደከማት፤ ስለደከማት ሌላ ዘዴ ማሰብ አቃታት። እንዲህ አድርጎ ምድጃው እሷን አነደዳት እንጂ እሷ ምድጃውን አላነደደችውም።

የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አሰለፈች መጣች። አሰለፈች ከወደ ቡልጋ የመጣች፣ ጾም የማታጎድል፣ ከጅቡቲ ወንድሟ የላከላት በላምባ የሚነድ፣ እንደ እባብ የሚያፏጭ የነሐስ ምድጃ ያላት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ምድጃ ያላት ናት እንጂ።

«እንደምን ዋልሽ ቡዜ፤ እግዜር ያጽናሽ።»

«ማን ሞተብኝ?»

«ኧረ አፌን ቁረጠው! ስለ ቦታው ሰምቼ ነው እንጂ።» ዞር ዞር ብላ መሬቱን በእግሯ ለካች። «እቴ፣ ይህ ጥላ በዘጠኝ ሰዓት ወዴት ነው የሚዞረው?»

«አንቺ ወደሌለሽበት ነው።»

«በአሥር ሰዓትስ?»

«ያን ጊዜም ወደዚያው።»

አሰለፈች ሳቀች፤ ቡዜም ትንሽ ሳቀች። አሰለፈች ስትሄድ አንዱን ብርጭቆ አንሥታ ወደ ፀሐይ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደ ወራሽ።

ማክሰኞ፣ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር መጣ። ከእሳቱ አጠገብ ዘሎ የወረደው ነገሪ ነው። ነገሪ የባቡሩ እሳት አንዳጅ ነው፤ ቅንድቡን እሳት ከበላው አሥር ዓመት ስለሆነው ምንጊዜም የደነገጠ ይመስላል። ባቡሩ ውኃ ሲጠጣ እሱ የቡዜን ሻይ ይጠጣል፤ ከመርዳሳ ዘመን ጀምሮ ልማዱ ነው።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ቡዜ?»

«ነጋ፤ አንተስ?»

አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። «ይህን አፍልተሽው ነው ወይስ ከወንዝ ቀድተሽው?»

«አንተም ከሰዉ ጋር ሆንህ?»

«እኔማ ቢቀዘቅዝ ግድም የለኝ፤ ሙቀት ከጠላሁ አሥር ዓመቴ ነው። ለሰዉ ብዬ ነው።»

የሐሙሱን ነገር ነገረችው። ነገሪ ሳቁን ትቶ፣ «እስኪ የምታጎርሽውን አሳዪኝ» አለ። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ፈታ አሳየችው፤ ግማሹ ብናኝ ነው።

«ይህ ዱቄት ነው! እሳት ዱቄት አይበላም፤ ይታፈናል። የቡጢ ያህል የሆነውን ምረጪ። መካከል መካከሉን ንፋስ ይለፍበት። ደግሞ እስከ አፉ አትሙዪው፤ ግማሽ ይብቃው። እሳት እንደ ሹም ነው፤ ጥቂት ጥቂት ሲያጎርሱት ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ካጠገቡት ይተ…»

ባቡሩ ጮኸ። ነገሪ ብርጭቆውን አስጨብጧት ሮጠ። የነገሪ ምክር ሁሉ ለባቡር ውኃ ልክ የተሰፋ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጫፉ ይቆረጣል።

ረቡዕ ጠዋት የቡጢ ያህሉን መርጣ፣ ግማሽ አጉርሳ አነደደች። ነገሪ ውሸታም አልነበረም፤ ሻዩ ከእግር መታጠቢያነት ወደ ሕፃን መታጠቢያነት ከፍ አለ። ግን እንፋሎት አያወጣም። እኩለ ቀን ላይ ያው ባቡር ወደ አዋሽ ሊወርድ መጣ። ነገሪ ቀመሰ።

«ይሻላል። ታችኛውን በር ከፍተሽ ነው የምታነጂው?»

«ምኑን እከፍተዋለሁ፤ ከተከፈተ ቆየ እኮ። አመዱ ገፍቶት አልዘጋ ብሏል።»

ነገሪ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። «አመዱ ገፍቶት? መቼ ነው የደፋሽው?»

ቡዜ ወደ ሰማይ አየች፤ በጣቷም ቆጠረች። «ከመስቀል በፊት ነው። ዓርብ ቀን ነበር።»

«ሦስት ወር!» ነገሪ ጭኑን መታ። «ያ ሃዳ ኮ፣ ሦስት ወር! እኔ ባንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ካልጠረግሁ ይህ ባቡር መተሐራ ላይ ተንበርክኮ ነው የሚቀረው። እሳት እኮ የሚተነፍሰው ከታች ነው! አፍንጫውን በአመድ ደፍነሽ፣ ‹ለምን አትበላም› እያልሽ ከላይ ታጎርሽዋለሽ? በይ ዛሬውኑ ድፊው!»

«ሰው መንገድ ላይ እያለ?»

ይህ ነገር የሚገባው ላገሩ ሰው ነው። ሰው ከቤት ወጥቶ መንገድ ሲጀምር፣ ካሰበበት ሳይደርስ በኋላው ቤት አይጠረግም፣ አመድ አይደፋም፤ እግሩን ይጠርገዋል ይባላል። ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ አመድ አይወጣም፤ የቤቱን በረከት ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የቡዜ ልዩነት መንገደኛ የምትለው ሰው ብዛት ነው። ከብርጭቆዋ የጠጣ ሁሉ ለእሷ ከቤቷ ወጥቶ የሄደ ነው። ባቡሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሲወርድ፣ ዓርብ ጠዋት ሐዲዱ ላይ አንድ ነፍስ አይገኝም ነበር፤ ያን ጊዜ አመዷን ትደፋለች፣ ምድጃዋም ያገሣል። ከመስቀል ወዲህ ግን ባቡሩ በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣል፣ ሦስት ቀን ይወርዳል። የሚወርደው ሰው አዋሽ ላይ ባቡር ለውጦ ጅቡቲ እስኪደርስ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል፤ ዓርብ ሻይዋን የጠጣው እሑድ ገና በረሃውን አልጨረሰም፤ ሰኞ ሌላው ይወርዳል። ቀን ጠፋ። ባቡሩ የተጨመረ ዕለት አቶ ገብረወልድ ዱካ ላይ ቆሞ፣ «ሥልጣኔ እነሆ በሳምንት ስድስት ቀን ሆነ!» ብሎ ንግግር አድርጎ ነበር። ያ ሥልጣኔ ሦስት ወር ሙሉ በቡዜ መሳቢያ ውስጥ ተጠራቀመ።

«አንተ ራስህ አሁን ወደ አዋሽ መውረድህ አይደለም?» አለችው ቡዜ።

«ነውና!»

«አንተ ሐዲድ ላይ ሆነህ፣ እኔ በኋላህ አመድ ልድፋ?»

ነገሪ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሐዲዱ ወደሚሄድበት ወደ ምሥራቅ አየ። መርዳሳን ወደ አዳማ ይዞት የተመለሰው ባቡር ላይ እሳት ያነድ የነበረው እሱ ነው። አፉን ዘጋ።

«እንግዲህ…» አለ። ባርኔጣውን አስተካከለና ሄደ። በዚህን ጊዜ ንግግሩን የቆረጠው የባቡሩ ጩኸት አልነበረም።

መርዳሳ በሥራ ባቡር ወደ አዋሽ የወረደ ዕለት፣ ቡዜ ጩኸቱ ገና ከጆሮዋ ሳይወጣ ቤቷን ጠርጋ፣ አመዷን ከአጥር ውጭ ደፍታ ነበር። ያኔ ትጉህ ነበረች፤ ድካም የሌላ ሰው በሽታ ይመስላት ነበር። በአራተኛው ቀን ዝናብ የሸረሸረው ገደል ተንዶበት፣ በሸራ ተጠቅልሎ መጣ። አማቷ ከሬሳው ላይ ቀና ብላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «በኋላው ጠረግሽው» አለቻት። ያን ቃል የሚያነሣላት ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ አልተገኘም። የአቶ ገብረወልድ መጻሕፍት ስለዚህ ነገር አንዳች አይሉም፤ ስለ ጥርስ አፋፋቅ ግን አራት ገጽ አላቸው። ደግሞ በዚህ መሳቅ የሚቀናው፣ የገዛ ሰው ወጥቶ ያልቀረበት ነው።

የረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡዜ ከምድጃው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ነገ ሐሙስ ነው። ብትደፋው ነገሪንና አንድ ባቡር ሙሉ ሰው ትጠርጋለች፤ ባትደፋው ጥላዋን ትለቃለች። ከጥላው ውጭ ደግሞ አዳማ ሁሉ ፀሐይ ነው። እጇን ሰዳ መሳቢያውን ሳበችው፤ እንቢ አለ። በሁለት እጇ ሳበችው። ሲጢጥ እያለ ወጣ፤ አመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ፣ ወንፊቱን ከሥር ደግፎ፣ ጠጥሮ ነበር። መሳቢያውን አቅፋ ተነሣች። እስከ ደጃፉ ሄደች። ውጭ ንፋሱ ያፏጫል፤ «አምጪው፣ እኔ እወስድልሻለሁ» የሚል ይመስላል። ቀኝ እግሯን አነሣች። እግሯ ደፉን አልሻገር አለ።

አመዱን እንዳቀፈች ቆመች። ክንዷ ዛለ። ተመልሳ ልታስቀምጠው ዞር ስትል ከጥጉ ላይ የመርዳሳን ጋን አየች። የመርዳሳ የጠላ ጋን ነው፤ ከተስካሩ ወዲህ በአፉ ተደፍቶ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ጋኑን አየችው፤ አመዱን አየችው። አመድ ከቤት አይውጣ ተባለ እንጂ ከምድጃ አይውጣ ያለ ማን ነው? ይህን ያህል የሚቀል ነገር ለማሰብ ሦስት ወር የፈጀባት ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ ሦስት ወር ሙሉ ስላልተቀመጠች ነው።

ጋኑን አቀናችው። አመዱን ቀስ ብላ፣ እንዳይቦን፣ ሕፃን እንደምታስተኛ አድርጋ ገለበጠችበት። ከዚያ የወንፊቱን ቀዳዳ በምስማር አንድ በአንድ ወጋች። ቧንቧውን በብትር መታ መታ ብታደርገው ጥቀርሻው ወረደባት። የማንቆርቆሪያውን ቂጥ በድንጋይ ፋቀች፤ ጥላሸቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ሁሉንም ጋኑ ውስጥ ጨመረችና በሰፌድ ከደነችው። ስትጨርስ ከራሷ ሌላ ሁሉ ነገር ነጽቶ ነበር። አልተደሰተችም። ደክሟት ስለነበር ደስታውን ለነገ አሳደረችው።

ሐሙስ ጠዋት ክብሪቱን ስትጭር ምድጃው በመጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ከታች፣ ከትንሿ በር፣ ንፋስ ሲስብ ተሰማት። ከዚያ አገሣ። ቡዜ ወደ ኋላ ዘለለች። የማንቆርቆሪያው ክዳን እንደ እስክስታ መቺ ተነሥቶ ይዘል ጀመር። ትንሿን በር ግማሽ ብትዘጋት ጩኸቱ ቀነሰ፤ ብትከፍታት ተቆጣ። አራት ዓመት አብራው ኖራ ይህንን አታውቅም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው ምድጃውን፣ «ስታስቸግረኝ የኖርከው ለአየር ኖሯል?»

ባቡሩ በምሥራቅ በኩል ብቅ ሲል ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ጠቅልላ ሮጠች። አስቀድማ የፈለገችው ጠጪ አልነበረም፤ ነገሪን ነበር። ነገሪ ቅንድብ የሌለው ፊቱን አውጥቶ እጁን አወዛወዘላት፤ ከነሕይወቱ ነው። ወርዶ ብርጭቆውን ተቀበለ፣ ፉት አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ኧረ አዴ ቡዜ! ምላሴን! ኧረ ይህ ከእኔ ባቡር ይብሳል!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደፋሽው?»

«አልደፋሁም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ቤት ነው። የመርዳሳ ጋን ውስጥ።»

ነገሪ ሻዩን እፍ አለበት። «ጋኑ ሲሞላስ?»

«እስኪሞላ ድረስ ትንሽ ብናርፍ አይሻልም?»

አቶ ገብረወልድ ደብተሩን ይዞ፣ እርሳሱን ልሶ ቆሟል። አሰለፈች ከጥላው ዳር ሆና ትጠብቃለች፤ ዱካዋን እንኳ ይዛ መጥታለች። ስድስቱም ብርጭቆ በሰው እጅ ነው። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ብርጭቆውን ከእጅ እጅ እያቀያየረ፣ እፍ እያለ፣ በጸጥታ ይጠጣል። የረካ ሰው ምን ይናገራል? አፉ ሥራ ይዟል።

በዚህ መካከል ከሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ አንድ ባለ ካባ፣ ባለ ወርቅ ጥርስ ሰው ወረደ። ሰኞ «የእግር መታጠቢያ» ብሎ የከሰሰው እሱ ነው፤ አዋሽ ጉዳዩን ጨርሶ መመለሱ ነበር። ጠምቶታል፤ ሻዩ ደግሞ ቀዝቃዛ እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ነጠቀና ሙሉውን በአንድ ትንፋሽ ወደ ጉሮሮው ላከው።

ጩኸቱ የባቡሩን ጩኸት አስንቋል።

«ገደለችኝ! ይህች ሴት ገደለችኝ! ሰኞ እግር መታጠቢያ፣ ዛሬ የገሃነም ወንዝ! ጻፍ አንተ! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ጻፍ!»

አቶ ገብረወልድ ጻፈ። መጻፍ ይወዳል።

«አቶ ገብረወልድ፣» አለች ቡዜ፣ «ሞቋል እኮ።»

«ክስ ቀርቧል።»

«የቀዘቀዘ ሻይ ሰው ያቃጥላል?»

አቶ ገብረወልድ እርሳሱን ከከንፈሩ አስጠግቶ አሰበ። ይህ ጥያቄ በአንደኛውም፣ በሁለተኛውም መጽሐፍ የለም፤ ከሦስተኛው ካላነበበው ገጽ ላይ ይኖር እንደሆነ እንጃ። ነገሪ ወደ ፊት ቀረበ። «እኔ እመሰክራለሁ። ትኩስ ነው! ምላሴ እስካሁን ይነድዳል።»

«የእሳት አንዳጅ ምላስ ምስክር አይሆንም፤» አለ ጸሐፊው። «አንተ ለሙቀት ዘመድ ነህ። ሙሴው የሚሰሙት የመንገደኛን ቃል ብቻ ነው። ክሱ የመጣው ከመንገደኛ ነው፤ መልሱም ከመንገደኛ ይምጣ። አንድ ተሳፋሪ፣ አንድ ቃል። እስከ ቅዳሜ ባቡር ጊዜ ሰጥቻለሁ።»

ቡዜ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረች። ባቡሩ ጮኸ። ብርጭቆውን መሬት ላይ እያስቀመጡ፣ ከንፈራቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ ደህና ሞቀው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ እየዘለሉ ተሳፈሩ። አሰለፈች ዱካዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ «ቅዳሜ እመጣለሁ እንግዲህ እቴ» አለች፣ ያለ ክፋት። ቡዜ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። ጥላው አልፏት ሄዶ ነበር፤ ተነሥታ ለመከተል ግን ትንሽ ቆየች።

እንግዲህ ይህን የምታነበው አንተ፣ ቅዳሜ ወደ ላይ ከሚወጡት አንዱ አትጠፋም። አዳማ ላይ ባቡሩ ውኃ ሲጠጣ፣ ጉንጯ ላይ ጥቀርሻ የቀረባት ሴት ብርጭቆ ትዘረጋልሃለች። መጀመሪያ እፍ በልበት። ጠጣ። ከዚያ ባርኔጣ ያደረገውን፣ እርሳስ የሚልሰውን ሰው ፈልግና፣ ቢሮ ያሉት ሙሴ እስኪሰሙ ድረስ ጮክ ብለህ «ትኩስ ነው» በል። ሁለት ቃል ናት፤ ጥርስህን አትሰብርም። ካሰብህበትም በደህና ስትገባ፣ በሚወርደው ባቡር በነገሪ በኩል «ደርሻለሁ» ብለህ ላክባት፤ ጋኑ ሊሞላ የቀረው አንድ ስንዝር ነውና፣ መድረስህን ሳትሰማ አትደፋውም። ትልክባታለህ?